የሚሮጠው ካሴት

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ይህ የስምንተኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሬ ነው። ከፊቱ የእንቁራሪት ሥዕልና የልብ ክፍሎች አሉበት። አያቴ ወድቆ ዳሌው ሲሰበር እማዬ ፋብሪካ በፈረቃ ስለምትገባ እሱን የሚጠብቅ ሰው ጠፋ፤ እኔ ትምህርቴን አቆምኩ፣ ደብተሩም ግማሹ ባዶ ቀረ። አሁን ከኋላ ጀምሬ ልጽፍበት ነው። የምጽፈው በቀትር ነው፤ ድሬ በሩን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት።

ጠዋት ልብስ ሳጥብ የባንዳችንን ልምምድ ከስልኬ ከፍቼ ነበር። ባንዳችን ሰባተኛ ፉርጎ ይባላል። አራት ነን። አኒስ ጊታር ይመታል፣ መሪያችን ነው። ዐብዲከሪም ኪቦርድ ይጫወታል፣ ሌላ ጊዜ ባጃጅ ይነዳል። ዱኒያ ትዘፍናለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ከበሮ እመታለሁ። ሶል የሚባሉትን የድሮ የባንድ ዘፈኖች እናነሳና በእንጨት ጊታር፣ በከበሮና በጭብጨባ እንደገና እንሠራቸዋለን። ጭብጨባውን ያመጣው ዐብዲከሪም ነው፤ እናቱ ከድሬ ወጣ ያለችው የዋሂል ገጠር ሰው ናት፣ እዚያ በጭብጨባ ነው የሚዘፈነው።

አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። አባባ ነው የምለው። «ደወሉ ሳይደወል» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ምርኩዙን ሳይዝ ብድግ አለ።

«ዝጊው።»

«ምን ሆንክ አባባ?»

«ዝጊው አልኩሽ! ከየት አመጣችሁት?»

ከአኒስ ሟች አባት ሳጥን ውስጥ የተገኘ ካሴት ነው አልኩት። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የሸሚንዴፈር ሠራተኞች ክበብ ባንድ፣ 1965» ይላል። ሸሚንዴፈር የሚሉት የድሮውን የባቡር ድርጅት ነው። የዘፋኙ ስም የለም። ስንት ሰው ጠየቅን፤ የሚያውቅ አጣን።

አባባ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ለማንም እንዳትናገሪ። በእናትሽ ማይልኝ።»

በእናቴ ማልኩ።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

ልምምድ ነበር። ከዚራ ሰፈር፣ የአኒስ አጎት ግቢ፣ ከቪላው ጀርባ ያለው ጋራዥ ውስጥ። ቆርቆሮው ይጋግራል፤ በሩን ከፍተን ከዛፉ ጥላ ትንሽ እንበደራለን።

ኖታ የሚያነብ የለንም። ካሴቱን አንድ ስንኝ እናስኬድና እናቆማለን፣ የሰማነውን እንመታለን፣ እንደገና እናስኬዳለን። አኒስ «ካሴቱ ያለው ያለቀለት ነው» ይላል።

ከካሴቱ ጋር አንድ አሮጌ አኮርዲዮንም ተገኝቶ ነበር። ዘፈኑ ውስጥ የሚሰማው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ዐብዲከሪም አብሮ ሊመታ ሞከረ፤ አልገጥም አለ። የካሴቱ ድምፅ በአኮርዲዮኑ ሁለት ቁልፍ መሃል ይወድቃል።

«አርጅቷል አቦ፣ ሳንባው አልቋል» አለና መደርደሪያ ላይ ሰቀለው። ከዚያ የኪቦርዱን ቅኝት ትንሽ ከፍ አድርጎ ከካሴቱ ጋር አስተካከለ። ጊታሩም ተከተለ።

ዱኒያ ዜማው ከፍ የሚልበት ላይኛዋ ቦታ ላይ ስትደርስ የአንገቷ ሥር ይወጣል። እንዲህ የሚለው ጋ፦

ደወሉ ሳይደወል ዞረሽ ብታዪኝ፣
ባቡሩ ጥሎኝ ቢሄድ ምንም አይቆጨኝ።

«ይሄ ሰውዬ ግን ወንድ ነው ሴት?» አለች ውሃ እየጠጣች። «እኔ ሴቷ ያልደረስኩበት እሱ እንዴት ደረሰ?»

«ወላሂ ጠቦት ነው» አለ ዐብዲከሪም። «የሚያርዱት መስሎት ነው የሚጮኸው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ለምን ሳቅኩ? ዝም ማለት ይቻል ነበር። ዝም ማለት እንደሆነ የማውቀው ሥራ ነው።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

አባባ ሳልጠይቀው ነገረኝ። ምሳ አብልቼው ትሪውን ሳነሳ «ተቀመጪ» አለኝ።

«በስልሳ አምስት ነው። ካሴቱ ወጣ ሲሉኝ ወደ መጋላ ሰፈር ሮጥኩ። ሻይ ቤት ውስጥ ተከፍቷል። የባቡር ጋራዡ ልጆች ሁሉ አሉ፤ ከዚያ በፊት ስዘፍን ሰምተውኝ አያውቁም። ድምፄን ሰማሁት። ጥድፊያ የያዛት ልጃገረድ ድምፅ! በዛብህ የሚባለው ብየዳ ሠራተኛ ተነስቶ እጅ ነሳና ወንበሩን ሳበልኝ። ‹ወይዘሪት ወልዴ፣ ይቀመጡ!› አለኝ። ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ፉርጎ ላይ፣ ደመወዝ ሰልፍ ላይ፣ ሰርጌ ላይ ሳይቀር ወይዘሪት ወልዴ ሆንኩ።»

«በዚህ ብለህ መዝፈን ተውክ?»

«አንቺ፣ ሰው የራሱን ድምፅ አያውቀውም። እኔ ስዘፍን ለእኔ የሚሰማኝ ሌላ ነበር፤ ወፍራም፣ የተረጋጋ። ለካ ለራሴ ብቻ ነው።»

እሱ እንደዚያ ይላል። ሲላጭ ግን ያንጎራጉራል። መስተዋቱን መስኮቱ ላይ አቁሞ፣ ያንኑ ዘፈን፣ ያለ ቃል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ እስከ ዛሬ ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። ዝግ ያለ ነው። ምላጩ ከጆሮው እስከ አገጩ ሲወርድ አንድ ስንኝ ያልቃል። እንደ ካሴቱ ቢጣደፍ ፊቱን ይቆርጠው ነበር።

ሽማግሌ ስለሆነ ነው የሚያዘግመው መሰለኝ።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ዱኒያ ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ላይኛዋ ቦታ ላይ ስትደርስ እንደ ጨርቅ ቅድድ አለ። ከዚያ ምንም የለም፤ አየር ብቻ።

ሰፈራችን ያለ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪም አይቷታል። ጉሮሮዋ ውስጥ አብጧል፤ ሁለት ሳምንት አንዲት ቃል እንዳትናገር።

ዝግጅታችን ሰኔ 7 ነው። የመጀመሪያው የራሳችን ምሽት፣ ከዚራ አንድ የክበብ ግቢ ውስጥ። ማስታወቂያው ተለጥፏል። አኒስና ዐብዲከሪም ውጪ ቆመው ሲያወሩ ሰማሁ።

«ሌላ ዘፋኝ እንፈልግ እንዴ?»

«በነቢ! ዱኒያን አስወጥተህ?»

«ይሄ ካልተሳካ እኔ ናዝሬት እገባለሁ። ወንድሜ ሥራ አግኝቶልኛል። ሰልችቶኛል ዐብዲ።»

አኒስ ከሄደ ባንድ የለም። ባንድ ከሌለ እኔ ከበረንዳው፣ ከትሪውና ከልብስ ማጠቢያው ሌላ የምሄድበት የለኝም። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዱኒያ ጎረቤታችን ናት፤ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ከበሮ ያስተማረችኝ እናቷ ናት፤ ሰርግ ላይ ትመታለች። አሁን ዱኒያ የምትለውን በወረቀት እየጻፈች ትሰጠኛለች። ዛሬ «አንቺ ሁልጊዜ እንዲህ ነሽ እንዴ? እንዴት ትችይዋለሽ?» ብላ ጻፈች።

«ይለመዳል» ብዬ ጻፍኩላት።

«መለመድ አልፈልግም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ግንቦት 10፣ እሑድ

ቀድሜ ደረስኩ። ጋራዡ ውስጥ ማንም የለም። መብራት ጠፍቶ መጥቶ ስለነበር ኪቦርዱ ያስተካከሉትን ረስቶ ወደ ራሱ ቅኝት ተመልሷል። አኮርዲዮኑን አወረድኩት። አቧራውን ጠረግኩ። አሳዘነኝ መሰለኝ።

አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። ያንኑ ኪቦርዱ ላይ ተጫንኩ። አንድ ሆኑ። ሌላ ሞከርኩ። አንድ ሆኑ። አምስቱንም፣ ስድስቱንም።

አኮርዲዮኑ አልተበላሸም።

ካሴቱን ከፈትኩ። ከሁለቱም ጋር አይገጥምም፤ ከሁለቱም ከፍ ብሎ ይሮጣል። ሁለት ምስክር ባንድ ቃል ሲቆሙ የሚዋሸው ሦስተኛው ነው። ከዚያ ሳላስበው የአባባን መላጫ ዜማ አንጎራጎርኩና አኮርዲዮኑ ላይ ፈለግኩት። አገኘሁት። ልክ ቁልፉ ላይ ተቀመጠ።

ሌሎቹ ሲመጡ አኮርዲዮኑን መልሼ ሰቅዬ ነበር። አኒስ ኪቦርዱን ሲያይ «ደግሞ ወረደ» ብሎ ከፍ አደረገው። አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ጥያቄዬን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፣ እንዳልረሳው። እንዳልፈራ።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

መጋላ ውስጥ ጋሽ ዒብራሂም የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ። ድሮ ካሴት የሚያባዛ ነበር። ካሴቱንና የአኒስን ቴፕ ሳላስፈቅድ ተሸክሜ ሄድኩ። ለባጃጁ ሹፌር እንኳ «መጋላ» ለማለት ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ደርሼ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ሰጠሁት።

መነጽሩን አድርጎ አነበበ፦ «ካሴት ራሱ ሊሮጥ ይችላል?»

ሳቀ። «ካሴት አይሮጥም የኔ ልጅ፤ ሰው ነው የሚያስሮጠው። ይሄን የድሮ ሰው ሁሉ ያውቃል። ካሴቱ አንድ ፊቱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ዘፈኖቹ ሠላሳ አራት ደቂቃ ይሆናሉ። አንዱን ዘፈን ብታስቀሪ ገዢው ጎደለ ብሎ ይጣላሻል። ስለዚህ ስናባዛ የዋናውን ሞተር ትንሽ እናፈጥነዋለን፤ ሁሉም ይገባል። ማንም አይነቃም።»

ከዚያ ካሴቱን አገላብጦ ጽሑፉን አየ። ፊቱ በራ።

«ይሄማ የኔ እጅ ነው! የኔ ሰማያዊ ቀለም! ከየት አገኘሽው አቦ?»

እሱ ደስ ብሎታል። ልናገር የፈለግኩት ብዙ ነበር።

«ማንም አልተቀየመም?» አልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

«ማን ይቀየማል? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አልኩት።

በቀጭን መፍቻ ቴፑን ከኋላው ትንሽ አዞረው። «ልክ ሲመጣ ‹በቃ› በዪኝ» አለ። ዘፈኑ እየከበደ ወረደ። ልጅቷ ጠፋች። ጠቦቱ ጠፋ። አንድ ወጣት ወንድ መጣ፤ ድምፁ ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ጊዜ ያለው። የአባባን ሳል የሚመስል ነገር ከድምፁ ሥር አለ። ምላጩ ከጆሮ እስከ አገጭ ሲወርድ አንድ ስንኝ አለቀ።

«በቃ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰል፣ የጎረቤት ሱቅ ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ።

ጋሽ ዒብራሂም እስከ መጨረሻው ሰማ። «ሱብሃነላህ» አለ ሲያልቅ። «እንዲህ ነበር እንዴ?»

የሠራበትን ልከፍለው ብል እምቢ አለ።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ለባንዱ ከመናገሬ በፊት ለአባባ። መሐላ አለብኝ።

በረንዳው ላይ ቴፑን አጠገቡ አስቀመጥኩና ከፈትኩት። «አልፈልግም» ሊል እጁን አነሳ። እጁ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

እስከ መጨረሻው ሰማ። ጋሽ ዒብራሂም ያለውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሠላሳ ደቂቃውን፣ ሞተሩን።

«አራት ደቂቃ አልበቃ ብሏቸው?» አለ።

«አዎ አባባ።»

«ሃምሳ ሁለት ዓመት።»

ትንሽ ቆይቶ «ውሃ አሙቂልኝ፣ ልላጭ» አለ። ትናንት ተላጭቷል። መስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ምላጩን ግን አላነሳም። ከልብስ ማጠቢያው ሆኜ አየሁት። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ጠዋት ጠራኝ። «ያቺ የጎረቤት ልጅ ናት ጉሮሮዋን የታመመችው?»

«አዎ።»

«በእኔ ዘፈን?»

«አዎ።»

«ንገሪያቸው» አለ። «መሐላሽን ፈታሁልሽ።»

ዛሬ የዱኒያ ሁለት ሳምንት አለቀ። ልምምድ ገባን። «ካሴቱ ስህተት ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በባጃጅ ውስጥ ሃያ ጊዜ በልቤ አልኩት። ጋራዡ ውስጥ ጠፋ። አኒስ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ቆጠረ፤ በካሴቱ ፍጥነት።

እጄ ግን አልተከተለውም። በአባባ ምላጭ ልክ መታሁ።

«ፍጠኚ ኑሀሚን!»

አልፈጠንኩም።

«ምን ሆነሻል? ተኝተሻል?»

«ካሴቱ ነው የሚሮጠው» አልኩ።

ሁሉም ቆሙ። ቴፑን ከፈትኩላቸው። የተስተካከለውን። ዘፋኙ ማን እንደሆነም ነገርኳቸው። ዐብዲከሪም ጠቦት ያለው ትዝ ብሎት አፉን በእጁ ያዘ። «አያትሽ? ወላሂ ምላሴን ይቁረጠው!»

አኒስ ግን ፊቱ አልተፈታም። «እሺ፣ እውነት ይሁን። እንዲህ ብንመታው ግን ሰው ይተኛል። የዛሬ ልጅ ቁጭ ብሎ ያንቀላፋል እንዴ?»

ዱኒያ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ለሁለት ሳምንት ያልተነካ ድምፅ ይዛ። «ምቺ» አለችኝ፤ የመጀመሪያ ቃሏ ነው። መታሁ። ዝቅ ብላ ጀመረች። ላይኛዋ ቦታ መጣች፣ አለፈች። የአንገቷ ሥር አልወጣም። ዱኒያ ራሷ እንዳለፈች ያወቀችው ካለፈች በኋላ ነው፤ እየዘፈነች ሳቀች።

ዐብዲከሪም አኮርዲዮኑን አወረደ። ገጠመ።

«እንግዲህ ይቅርታ ጠይቀው» አለችው ዱኒያ።

አኮርዲዮኑን ግንባሩ ላይ ሳመው። ግንባር ባይኖረውም።

አኒስ «እናያለን» አለ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ዛሬ አረፋ ነው። ዱኒያ ቤት በላን። እናቷ «ሰው ባይጨፍርም ቁጭ ብሎ ሊሰማ ይችላል እኮ፣ ማን ከለከለው» ትላለች። አኒስ ግን አሁንም «ልምምድ ላይ እሺ፣ መድረክ ላይ እናፈጥነዋለን» እያለ ነው። የሻንጣውን ዚፕ አስጠግኗል። ለምን?

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ነፋስ። አቧራ። ከበሮው ቆዳ ላይ ሳይቀር። አባባ እንደሚመጣ አልነገረኝም፤ ሸሚዙን ግን ተኩሺልኝ አለኝ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ነገ ነው። ከበሮውን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ቀትር ነው። ሁሉም ተኝቷል። ሁሉንም ልጽፈው ነው።

አባባን ዐብዲከሪም በባጃጁ አመጣው። እንደ ድሬ ልጅ «አንተ» እያለ፣ «ቀስ በል አባባ፣ ጎንበስ በል» እያለ አወረደው። ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ መሃል ተቀመጠ። ግቢው ሞልቶ ነበር፤ ወንበር ያላገኙት አጥሩ ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ስድስት ዘፈን ተጫወትን፣ ሰው ጨፈረ። ሰባተኛው «ደወሉ ሳይደወል» ነበር።

አኒስ ሕዝቡን አየ፤ ላብ በላብ ሆኗል። የሚጨፍሩትን እንዳያጣ ፈራ መሰለኝ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» አለ፤ በሩጫ።

አልመታሁም።

ከበሮ ካልጀመረ ማንም አይጀምርም። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ግቢው ሁሉ አየኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓይኔን መሬት ላይ እጥል ነበር። አኒስን አየሁት፤ ዓይኔን አልሰበርኩም። ከዚያ የራሴን ምት ጀመርኩ። ምላጩ ከጆሮ እስከ አገጭ። አኒስ ከንፈሩን ነከሰ፣ ጊታሩን በዚያው አስገባ። አኮርዲዮኑ ገባ። ዱኒያ ዝቅ ብላ ገባች።

ጨፋሪዎቹ ቆሙ። «ተኙ» አልኩ በሆዴ፣ «አኒስ እውነቱን ነው።» ከዚያ ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ በኩል ጭብጨባ መጣ። ዝግ ያለ። ወደፊት እየተሻገረ መጣ፤ የቆሙትም ተቀበሉት። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ ባለችበት መወዛወዝ ጀመረች። ዱኒያ ላይኛዋ ቦታ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሲያልቅ አኒስ ማይኩን ያዘና «የዚህ ዘፈን ባለቤት እዚህ ነው» አለ። «አቶ ወልደማርያም።» እኔ አልነገርኩትም እንዲል።

አባባ በምርኩዙ ተነሳ። አጠገቡ ሌላ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፤ ያጨበጨበው እሱ ነው። እሱም ተነሳ። በኋላ ዐብዲከሪም ነው የነገረኝ፤ ቅርብ ስለነበር ሰምቷቸዋል።

«ወልዴ፣ ዘፈኑ ይሄ ነበር እንዴ?»

«ይሄ ነበር በዛብህ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከንም?»

«እኔስ መቼ አወቅኩ!»

ጭብጨባው አልቆመም። አባባ ሊቀመጥ ሲል ወንበሩን ሰው ወስዶበታል። በዛብህ የራሱን ወንበር ሳበለት፤ እጅ ነሳ፤ እኔ ከመድረኩ ያየሁት ይሄንን ነው።

«አቶ ወልደማርያም፣ ይቀመጡ» አለው።

አባባ ተቀመጠ።

ዕቃ ስናነሳ አኒስ ከበሮዬን ተሸከመልኝ፤ ተሸክሞልኝ አያውቅም። «ለወንድሜ ደውዬ ይቆይ እለዋለሁ» አለ። «ካሴቱ ላይ ገና አሥራ አንድ ዘፈን አለ። ሁሉንም እንደገና መማር አለብን፣ አይደል?»

«ሁሉንም» አልኩት።

ዛሬ ጠዋት ውሃ አሙቄ ወደ መስኮቱ ወሰድኩ። አባባ ፊቱን አረፋ ቀብቶ ጀመረ፤ በዚህኛው ጊዜ ከነቃሉ ነው። ደወሉ ሳይደወል። ድምፁ ሻክሯል፣ መሃል ላይ ይጠፋል፣ ይመለሳል። ከቆርቆሮው ማዶ ዱኒያ ሰምታው ኖሮ ተቀበለችው። አባባ ደንግጦ አገጩን ቆረጠ።

«ቀስ በላ!» አልኩት።

ጥጥ ለጠፈበትና በመስተዋቱ ውስጥ አየኝ።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ምት የምትይዢው አንቺ ነሽ» አለ። «በይ ያዢልኝ።»

የመታጠቢያ ሳፋውን ገልብጬ እንደ ከበሮ መምታት ጀመርኩ።